ውሃን ገድቦ የሚኖር ሕዝብ፦ ስለ ኔዘርላንድ ለመንገደኛ የሚያስፈልግ ዕውቀት

ሀ. የቅድመ ንባብ ጥያቄዎች

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ።

1. ወደ ውጭ አገር የሚሄድ መንገደኛ ከመነሣቱ በፊት ስለሚሄድበት አገር ምን ምን ነገሮችን ማወቅ የሚገባው ይመስላችኋል?
2. አንድ ቦታ «ከባሕር ጠለል በታች ነው» ሲባል ምን ማለት ነው? በኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ የት ይገኛል?
3. «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረትና ምሳሌ ምንን ያስተምራል?

ለ. ምንባብ

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወደ ኔዘርላንድ በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያርፈው ስኪፖል በተባለው ታላቅ የአውሮፕላን ጣቢያ ነው። መንገደኛው ከአውሮፕላኑ ወርዶ የሚረግጠው መሬት ከሌላው መሬት የተለየ ሆኖ አይታየውም። ይሁን እንጂ ይህ ቦታ በአንድ ወቅት የሰፊ ሐይቅ ወለል ነበር። በ1573 ዓ.ም. የኔዘርላንድ ዐማፅያንና የእስፓኝ ንጉሥ ደጋፊዎች በጦር መርከብ ሆነው የተዋጉት በዚሁ ሐይቅ ላይ ነው። ከ1849 እስከ 1852 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ግን በእንፋሎት ኀይል የሚሠሩ ሦስት ታላላቅ የውሃ መሳቢያዎች ሌትና ቀን እየሠሩ ሐይቁን አደረቁት። ዛሬ አውሮፕላኖች የሚያርፉበት ሜዳ ከባሕር ጠለል በታች 3 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ስለሆነም ኔዘርላንድን ለማወቅ የሚፈልግ መንገደኛ ከሁሉ አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው ነገር የዚህ ሕዝብ ኑሮ ከውሃ ጋር ያለውን ግንኙነት ነው።

የአገሪቱ ስምና አቀማመጥ

«ኔዘርላንድ» ማለት «ዝቅተኛ ምድር» ማለት ነው። ብዙ ሰዎች አገሪቱን «ሆላንድ» እያሉ ይጠሯታል፤ ነገር ግን ሆላንድ የሚለው ስም በትክክል የሚያመለክተው ከአሥራ ሁለቱ ክፍላተ አገር መካከል ሁለቱን፣ ማለትም ሰሜን ሆላንድንና ደቡብ ሆላንድን ብቻ ነው። አገሪቱ በምሥራቅ ከጀርመን፣ በደቡብ ከቤልጅግ ጋር ስትዋሰን፣ በሰሜንና በምዕራብ የሰሜን ባሕር ያዋስናታል። ራይን፣ ማስና ስኬልት የተባሉት ወንዞች ከሌሎች አገሮች ተነሥተው ወደ ባሕር የሚገቡት በዚህችው አገር በኩል ነው።

ኔዘርላንድ በስፋቷ ትንሽ አገር ናት። የውሃው ክፍል ሳይቀር ተጨምሮ ጠቅላላ ስፋቷ 41,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሕዝቧ ቁጥር ግን በ2024 ዓ.ም. 18 ሚሊዮን ደርሷል። በአውሮፓ ካለው ግዛቷ ከፍተኛው ቦታ በደቡብ ምሥራቅ ጫፍ የሚገኘው የፋልስ ኮረብታ ሲሆን፣ ከፍታው ከ322 ሜትር ብዙም አያልፍም። ዝቅተኛው ቦታ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ወደ 7 ሜትር ይጠጋል። ከአገሪቱ መሬት ሩብ የሚያህለው ከባሕር ጠለል በታች ይገኛል። ግድቦቹና መሳቢያዎቹ ባይኖሩ ኖሮ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርበት ምድር ውሃ ይውጠው ነበር።

ዋና ከተማዋ አምስተርዳም ናት። ይሁን እንጂ ፓርላማው፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶቹና የውጭ አገር ኤምባሲዎች የሚገኙት በዘ ሄግ ከተማ ነው። በ1913 ዓ.ም. የተመረቀው የሰላም ቤተ መንግሥትም የሚገኘው በዚችው በዘ ሄግ ሲሆን፣ በውስጡ የዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ተቀምጦ በመንግሥታት መካከል የሚነሡትን ክርክሮች ይመለከታል። አገሪቱ በሕገ መንግሥት የምትተዳደር ንጉሣዊት አገር ናት። ንጉሥ ቪለም አሌክሳንደር እናታቸው ንግሥት ቤያትሪክስ ዙፋኑን በፈቃዳቸው ከለቀቁ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ነገሡ። አገሪቱን የሚመራው ግን ለፓርላማ ተጠሪ የሆነው መንግሥት ነው።

ውሃና ሕዝብ

ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት የምዕራብ ኔዘርላንድ አብዛኛው ክፍል በበሰበሰ የዕፅዋት ቅሪት የተሸፈነ ረግረግ ነበር። ገበሬዎች እህል ለመዝራትና ከብት ለማርባት ሲሉ ቦይ እየቈፈሩ ውሃውን ወደ ወንዝ አንጠፈጠፉት። ነገር ግን እንዲህ ያለው አፈር ውሃው ሲወጣለት እንደ ደረቀ ስፖንጅ ይኮማተርና ዝቅ ይላል። መሬቱ ዝቅ ባለ ቁጥር የወንዙና የባሕሩ ውሃ ተመልሶ ይገባ ጀመር። በዚህ ጊዜ ሰዎቹ የአፈር ግድብ መሥራት ግድ ሆነባቸው። ግድቡ የውጭውን ውሃ ቢከለክልም የዝናቡ ውሃ ደግሞ በውስጥ ተጠራቅሞ መውጫ አጣ። ከ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይህን ውሃ ከዝቅተኛው ቦታ ወደ ከፍተኛው ቦይ እያነሣ የሚያፈስ የነፋስ ወፍጮ በሥራ ላይ ዋለ። መሬቱ ይበልጥ በደረቀ ጊዜ ይበልጥ ዝቅ አለ፤ ይበልጥ ዝቅ ባለ ጊዜም ግድቡን ይበልጥ ከፍ ማድረግ አስፈለገ። ሰውና ውሃ እስከ ዛሬ በዚህ ዐይነት ትግል ላይ ናቸው።

በግድብ ተከቦ ውሃው የወጣለት መሬት በአገሬው ቋንቋ «ፖልደር» ይባላል። በ1612 ዓ.ም. የደረቀው የቤምስተር ፖልደርና ኪንደርዳይክ በተባለው ቦታ የሚገኙት አሥራ ዘጠኝ የነፋስ ወፍጮዎች በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በኋላ በነፋስ ምትክ እንፋሎት መጣ፤ ዛሬ ደግሞ ሥራውን የሚሠሩት በናፍጣና በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ ፓምፖች ናቸው።

መንገደኛው ወፍጮዎቹን አይቶ ሲያደንቅ፣ ከወፍጮዎቹ በስተጀርባ ያለውን የሕዝብ አስተዳደርም ማሰብ ይገባዋል። ግድብን አንድ ገበሬ ብቻውን ሊጠብቀው አይችልም። የአንዱ ገበሬ የግድብ ክፍል ከተሸነቈረ ውሃው የሚገባው በእርሱ እርሻ ላይ ብቻ አይደለምና። ስለዚህ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ገበሬዎችና ባለርስቶች ተሰብስበው ግድቡን የሚቈጣጠሩ ሸንጎዎች አቋቋሙ። እነዚህ የውሃ ሸንጎዎች ዛሬም አሉ፤ ቁጥራቸው 21 ሲሆን ሕዝቡ በየአራት ዓመቱ አባሎቻቸውን ይመርጣል። የራሳቸውን ግብር ይሰበስባሉ፤ ግድቦችን፣ ቦዮችንና የውሃውን ንጽሕና ይቈጣጠራሉ።

የጥንቱ የግድብ ሕግ እጅግ ጥብቅ ነበር። «ግድብ የማይሠራ መሬቱን ይልቀቅ» የሚል አባባል ነበራቸው። በአንዳንድ ቦታዎች በድርሻው የደረሰውን የግድብ ክፍል መጠገን የተሳነው ገበሬ አካፋውን በግድቡ ላይ ተክሎ ይሄድ ነበር። አካፋው በግድቡ ላይ ቆሞ ሲታይ ያ ሰው ርስቱን እንደ ለቀቀ ይቈጠራል። አካፋውን የነቀለ ሌላ ሰው መሬቱን ያገኛል፤ ከመሬቱም ጋር ግድቡን የመጠገን ግዴታ ይወርሳል። ሕጉ ጨካኝ መስሎ ሊታይ ይችላል። ሆኖም የአንድ ሰው ቸልተኝነት የመንደሩን ሕዝብ ሁሉ ሊያጠፋ በሚችልበት ቦታ የተደነገገ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል።

የ1953 ዓ.ም. ጥፋት

ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ጋር ባሕሩ ያሸነፈበት ጊዜ አለ። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከደረሱት የጎርፍ አደጋዎች ሁሉ የከፋው የደረሰው በጥር 31 ለየካቲት 1 ቀን 1953 ዓ.ም. አጥቢያ ነበር። ሌሊቱ የቅዳሜ ለእሑድ ሌሊት ነበር። በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት የባሕሩ ውሃ ከወትሮው ከፍ በሚልበት በዚያው ሰዓት ከሰሜን ምዕራብ የተነሣ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ውሃውን ወደ ደቡብ ምዕራብ ኔዘርላንድ ገፋው። ሁለቱ ኀይሎች በአንድነት በመጡ ጊዜ ግድቦቹ በብዙ ቦታዎች ተደረመሱ።

ሕዝቡ በእንቅልፍ ላይ ነበር። ራዲዮ በዚያን ዘመን ሌሊት አያሰራጭም ነበርና ማስጠንቀቂያው ለብዙዎች አልደረሰም። በዜላንድ፣ በደቡብ ሆላንድና በሰሜን ብራባንት ክፍላተ አገር 1,836 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎች በቤታቸው ጣራ ላይ ወጥተው በብርድና በነፋስ ሲሠቃዩ ቈዩ፤ በአስር ሺህ የሚቈጠሩ ከብቶችም አለቁ። በዚያው ሌሊት በእንግሊዝ አገር የባሕር ዳርቻ ከ300 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል።

እጅግ የሚያሳዝነው አደጋው ጭራሽ ያልታሰበ አለመሆኑ ነው። ዮሃን ፋን ፌን የተባሉት መሐንዲስ ግድቦቹ ዝቅተኛና ደካማ መሆናቸውን አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር። ይሁን እንጂ አገሪቱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የፈረሰውን በመገንባት ላይ ስለነበረች ለግድቦቹ የሚበቃ ገንዘብና ጊዜ አልተሰጠም።

በዚያ ሌሊት ከተፈጸሙት ሥራዎች አንዱ ዛሬም ይነገራል። ኒወርከርክ በተባለው መንደር አጠገብ በሚገኘው ወንዝ ላይ የነበረው ግድብ መደርመስ ጀመረ። ከዚያ ግድብ በስተኋላ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ የሚኖርበት ዝቅተኛ ምድር ነበር። ፈቃደኞች በአሸዋ ከረጢት ሊደፍኑት ሞክረው አልሆነላቸውም። በዚህ ጊዜ የመንደሩ ሹም አሪ ኤፈግሩን የተባለውን ባለመርከብ መርከቡን በቀዳዳው ላይ እንዲያቆም አዘዘው። «ሁለቱ ወንድማማቾች» የምትባለው የጭነት መርከብ በውሃው ኀይል ተገፍታ ልትሰበር ወይም በቀዳዳው አልፋ ከነባለቤቷ ልትጠፋ ትችል ነበር። ኤፈግሩን ግን መርከቡን በዘዴ ነድቶ ቀዳዳውን እንደ በር ዘጋው፤ ግድቡም ቆመ። ዛሬ በቦታው ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ይታያል።

ከጥፋቱ በኋላ የተሠራው ሥራ

ኔዘርላንዶች ከ1953 ዓ.ም. በፊትም ታላላቅ የባሕር ሥራዎችን ሠርተው ነበር። ከነዚህም አንዱ በመሐንዲሱ በኮርኔሊስ ሌሊ ዕቅድ የተሠራውና በ1932 ዓ.ም. የተፈጸመው 32 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ግድብ ነው። ይህ ግድብ ደቡባዊ ባሕር የሚባለውን የባሕር ክፍል ከሰሜን ባሕር ለይቶ ወደ ጨው አልባ ሐይቅነት ለወጠው። ከሐይቁም ከፊሉ ደርቆ ፍሌቮላንድ የተባለው ክፍለ አገር ተፈጠረ፤ በ1986 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛው ክፍለ አገር ሆነ። ሌሊ ግን የሐሳባቸውን ፍጻሜ ሳያዩ በ1929 ዓ.ም. ዐርፈዋል።

ከ1953ቱ አደጋ በኋላ ወር ሳይሞላ መንግሥት አንድ ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ ያወጣው ዕቅድ «የዴልታ ሥራዎች» ይባላል። በዕቅዱ መሠረት የባሕሩ ውሃ ወደ መሬት የሚገባባቸው ሰፋፊ በሮች በግድብ እንዲዘጉ ተወሰነ። ምሥራቅ ስኬልት በተባለው ቦታ ግን ክርክር ተነሣ። ዓሣ አጥማጆችና የተፈጥሮ ተቈርቋሪዎች «ባሕሩ ፈጽሞ ከተዘጋ ዓሣውና የባሕሩ ፍጥረት ሁሉ ያልቃል» ብለው ተቃወሙ። ከብዙ ክርክር በኋላ መንግሥት ዕቅዱን ለወጠ። በ1986 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 62 የብረት መዝጊያዎች አሉት፤ መዝጊያዎቹ በሰላሙ ጊዜ ተከፍተው ባሕሩ እንደ ልማዱ ይገባል ይወጣል፤ ዐውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ ብቻ ይዘጋሉ። በዚህም የሰው ሕይወትና የተፈጥሮ ሀብት ሁለቱም ሊጠበቁ ቻሉ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሮተርዳም ወደብ የሚወስደውን የውሃ መንገድ በአደጋ ጊዜ የሚዘጉ፣ እያንዳንዳቸው 210 ሜትር ርዝመት ያላቸው ሁለት ተንቀሳቃሽ በሮች ተመረቁ።

በ1995 ዓ.ም. ወንዞች ሞልተው 250,000 ያህል ሰዎች ከቤታቸው እንዲወጡ በተደረገ ጊዜ ሕዝቡ ሌላ ትምህርት አገኘ። ግድብን ያለማቋረጥ ከፍ ማድረግ ብቻውን መፍትሔ እንደማይሆን ታወቀ። በመሆኑም «ለወንዙ ቦታ እንስጠው» በሚል ሐሳብ በብዙ ስፍራዎች ግድቦች ወደ ኋላ ተመለሱ። ኦቨርዲፕ በተባለው ፖልደር ገበሬዎቹ ራሳቸው ተመካክረው ቤታቸውንና በረታቸውን በተቈለለ የአፈር ጉብታ ላይ እንዲሠሩ ሐሳብ አቀረቡ። ዛሬ ወንዙ እጅግ በሞላ ጊዜ እርሻቸው በውሃ ይሸፈናል፤ ከወንዙ በላይ ያሉት ከተሞች ግን ይድናሉ።

የአገሪቱ ሀብትና ታሪክ

ኔዘርላንድ ከዓለም ሀብታም አገሮች አንዷ ናት። የሮተርዳም ወደብ በአውሮፓ ካሉት ወደቦች ሁሉ ትልቁ ነው። አገሪቱ በወተት፣ በአይብ፣ በአትክልትና በአበባ ንግድ በዓለም የታወቀች ናት። ሆኖም ሀብቷ የተገኘው በዜጎቿ ድካም ብቻ አይደለም። በ1602 ዓ.ም. የተቋቋመው የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ በእስያ ሰፊ ግዛት ይዞ ነበር፤ ዛሬ ኢንዶኔዥያ የምትባለው አገር ለብዙ ዘመን በቅኝ አገዛዝ ሥር ኖራለች። በሱሪናምና በካሪብያን ደሴቶችም በባርነት የተያዙ አፍሪካውያን እስከ 1863 ዓ.ም. ድረስ ያለ ደመወዝ ሠርተዋል። ንጉሥ ቪለም አሌክሳንደር በሐምሌ ወር 2023 ዓ.ም. ስለዚህ በደል ይቅርታ ጠይቀዋል።

ኢትዮጵያና ኔዘርላንድ በንግድ የተገናኙ ናቸው። የወንጂ ስኳር ፋብሪካን ያቋቋመው ኤች ቪ ኤ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ ሲሆን፣ ፋብሪካው በ1954 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1975 ዓ.ም. ወደ መንግሥት ተዛወረ። በአሁኑ ዘመን ደግሞ በኢትዮጵያ የሚመረተው የጽጌረዳ አበባ አንዱ ትልቅ ገበያ ኔዘርላንድ ነው። አልስሜር በተባለው ቦታ በሚገኘው የአበባ ገበያ የጨረታው ሥርዐት ከሌላው ይለያል። ዋጋው ከከፍተኛው ይጀምርና በሰዓት ላይ እየታየ ይወርዳል፤ አስቀድሞ ያስቆመው ነጋዴ አበባውን ይገዛል። የቸኮለ በውድ ይገዛል፤ የዘገየ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለመንገደኛ የሚጠቅሙ ጉዳዮች

ፓስፖርትና ቪዛ፦ ኔዘርላንድ የሼንገን ስምምነት አባል ስለሆነች የሼንገን ቪዛ ያገኘ መንገደኛ በስድስት ወር ውስጥ እስከ 90 ቀን ድረስ በአባል አገሮቹ ሊቈይ ይችላል።

ገንዘብ፦ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ጊልደር የተባለው የቀድሞው ገንዘብ ቀርቶ ዩሮ ይሠራበታል። በባንክ ካርድ ካልሆነ በቀር ጥሬ ገንዘብ የማይቀበሉ ሱቆች ስላሉ መንገደኛው አስቀድሞ መዘጋጀት አለበት።

ሰዓት፦ በክረምታቸው ወራት የኔዘርላንድ ሰዓት ከኢትዮጵያ በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ሰዓት የሚቈጥሩት ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ስለሆነ፣ «20 ሰዓት» ሲሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ማለታቸው ነው።

የአየር ጠባይ፦ ዝናብና ነፋስ በማናቸውም ወር አይጠፋም። በጥር ወር ብርዱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፤ በሐምሌም ቢሆን ሙቀቱ በአብዛኛው መካከለኛ ነው። ስለዚህ ካፖርትና የዝናብ ልብስ መያዝ ያስፈልጋል።

ቋንቋ፦ የሥራ ቋንቋው ደች ነው፤ በፍሪስላንድ ክፍለ አገር ደግሞ የፍሪስላንድ ቋንቋ ይነገራል። እንግሊዝኛ የማይናገር ሰው ጥቂት ነው። ሆኖም «ዳንክ ኡ ቬል» ብሎ በቋንቋቸው ማመስገን የእንግዳውን ጨዋነት ያሳያል።

መጓጓዣ፦ በባቡር፣ በትራምና በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ሲገባም ሲወጣም ካርዱን ወይም ቲኬቱን በመቈጣጠሪያው መሣሪያ ላይ ማስነካት አለበት። በአገሪቱ ከሕዝቡ ቁጥር የሚበልጥ ብስክሌት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ቀላ ያለ ቀለም ያለው መንገድ የብስክሌት ነው። በዚያ ላይ መቆም ወይም ሳያዩ መሻገር አደገኛ ነው።

ልማድ፦ ሰዎቹ ቀጠሮ አክባሪዎች ናቸው፤ ሳይነግሩ ሰው ቤት መሄድ እንደ ነውር ይቈጠራል። ሐሳባቸውን ሳይሸፋፍኑ ፊት ለፊት ይናገራሉ። ይህም ቅንነት እንጂ ስድብ አለመሆኑን እንግዳው መረዳት አለበት። የልደት በዓል ሲከበር «እንኳን አደረሰህ» የሚባለው ለባለ ልደቱ ብቻ ሳይሆን ለወላጆቹና ለዘመዶቹም ጭምር ነው። «ኮፊ ሾፕ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቤት ቡና ቤት መስሎት የሚገባ እንግዳ እንዳይሳሳት ማወቅ ያለበት፣ በእንዲህ ያለው ቤት የሚሸጠው ሐሺሽ መሆኑን ነው። ቡና የሚፈልግ ሰው «ካፌ» የሚል ቤት ይፈልግ።

የመታሰቢያ ቀን፦ በየዓመቱ ግንቦት 4 ቀን በአቆጣጠራቸው በ20 ሰዓት በጦርነት ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ የሁለት ደቂቃ ጸጥታ ይደረጋል። በዚያን ሰዓት በመንገድ ላይ የተገኘ እንግዳም ቆሞ ዝም ማለት ይገባዋል።

አደጋ፦ ለፖሊስ፣ ለእሳት አደጋና ለአምቡላንስ የሚደወለው በ112 ቁጥር ነው።

መደምደሚያ

በአሁኑ ጊዜ የምድር ሙቀት በመጨመሩ ምክንያት የባሕሩ ጠለል ከፍ በማለት ላይ ነው። የኔዘርላንድ መሬት ደግሞ በአንዳንድ ቦታ አሁንም ዝቅ ይላል። ሕዝቡ ይህን ስለሚያውቅ ግድቡን «ተሠርቶ አለቀ» አይልም። ግድብ የሚጠብቀው የሚጠብቀው እስካለ ድረስ ብቻ ነው። መንገደኛው ከኔዘርላንድ አበባና አይብ ገዝቶ ሊመለስ ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ስንቅ ግን የጋራ የሆነውን ነገር በጋራ መጠበቅ የሚለው ትምህርት ነው።

ሐ. የቃላት ፍቺ

በ«ሀ» ረድፍ የተሰጡትን ቃላት በ«ለ» ረድፍ ከተሰጡት ፍቺዎች ጋር አዛምዱ።

«ሀ»
1. ረግረግ
2. አጥቢያ
3. ተደረመሰ
4. ሸንጎ
5. ቸልተኝነት
6. ተቈርቋሪ
7. ስንቅ

«ለ»
ሀ. ለአንድ ነገር የሚያስብ፣ ጉዳቱ የሚሰማው
ለ. ለመንገድ የሚያዝ ምግብ
ሐ. ውሃ የተኛበት፣ እግር የሚያሰጥም መሬት
መ. ከሌሊት ወደ ንጋት መሸጋገሪያ
ሠ. ተንዶ ወደቀ
ረ. ለመማከርና ለመወሰን የሚሰበሰብ ጉባኤ
ሰ. ግዴታን ችላ ማለት

መ. የግንዛቤ ጥያቄዎች

ምንባቡን መሠረት በማድረግ ለሚከተሉት ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።

1. «ኔዘርላንድ» እና «ሆላንድ» በሚሉት ስሞች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?
2. ውሃው የወጣለት መሬት ከጊዜ ወደ ጊዜ ዝቅ የሚለው ስለ ምንድን ነው?
3. አካፋውን በግድብ ላይ ተክሎ የሄደ ገበሬ ምን ይሆን ነበር? አካፋውን የነቀለውስ ሰው?
4. በ1953 ዓ.ም. የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከፍ እንዲል ያደረጉትን ምክንያቶች ዘርዝሩ።
5. በምሥራቅ ስኬልት የተሠራው ግድብ የመጀመሪያው ዕቅድ እንዲለወጥ ያደረጉት እነማን ናቸው? ክርክራቸውስ ምን ነበር?
6. «የቸኮለ በውድ ይገዛል፤ የዘገየ ባዶ እጁን ይመለሳል» የተባለው ለምንድን ነው?
7. «ግድብ የሚጠብቀው የሚጠብቀው እስካለ ድረስ ብቻ ነው» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «የሚጠብቀው» የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ተነግሯል። በመጀመሪያው ጠባቂው ማን ነው? በሁለተኛውስ?

ሠ. ሰዋስው

«ስለሆነም»፣ «ይሁን እንጂ»፣ «በመሆኑም» እና «ሆኖም» የሚሉት ቃላት ሁለት ሐሳቦችን ያያይዛሉ።

1. ከነዚህ መካከል ውጤትን የሚያመለክቱት የትኞቹ ናቸው? ተቃርኖን የሚያመለክቱትስ?
2. እያንዳንዱን ቃል ከምንባቡ ፈልጋችሁ ያለበትን ዐረፍተ ነገር ጻፉ።
3. በእያንዳንዱ ቃል አንድ አንድ የራሳችሁን ዐረፍተ ነገር መሥርቱ።

ረ. የቃልና የጽሑፍ መልመጃ

1. የመንደሩ ሹም ለባለመርከቡ የሰጠውን ትእዛዝ በማሰብ ክፍሉ በሁለት ወገን ሆኖ ይከራከር። አንደኛው ወገን «ባለመርከቡ ነፍሱን አደጋ ላይ እንዲጥል ማዘዝ ተገቢ ነበር» ይበል፤ ሁለተኛው ወገን ይቃወም።
2. በምትኖሩበት አካባቢ ሕዝቡ በጋራ የሚጠብቀው ምንጭ፣ መንገድ፣ እርከን ወይም ደን ካለ፣ ማን እንደሚጠብቀውና ድርሻውን የማይወጣ ሰው ምን እንደሚደረግ ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ ሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ።
3. ታላቅ ወንድማችሁ ወይም ታላቅ እኅታችሁ ለትምህርት ወደ ኔዘርላንድ ሊሄዱ ነው እንበል። ከምንባቡ ያገኛችሁትን ዕውቀት በመጠቀም የምክር ደብዳቤ ጻፉላቸው። የደብዳቤ አጻጻፍን ሥርዐትና የአክብሮት አነጋገርን ጠብቁ።